ከኋላ የሚመጣውን ማወቅ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች መውጫ መንገዶች ላይ የብስክሌተኞች ደህንነት

ከለገዳዲ ወደ አያት፣ ከሰበታ ወደ አየር ጤና፣ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚያስገቡት አራት መንገዶች አንድ የጋራ ባሕርይ አላቸው። አራቱም የሀገር አቋራጭ መንገዶች ሆነው ሳለ በየከተሞቹ ውስጥ ግን የመንደር መንገድ ያህል ያገለግላሉ። የለገዳዲው ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ፣ የሰበታው ወደ ጅማ፣ የቡራዩው ወደ አምቦና ነቀምቴ፣ የሱሉልታው ወደ ጎጃም ይቀጥላል። በመሆኑም ወደ ፋብሪካ ሥራው የሚያመራ ብስክሌተኛ፣ እህል የጫነ ጋሪ፣ ተሳፋሪ የሚያወርድ ባጃጅ እና ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚመለስ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና በአንድ አስፋልት ላይ፣ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ።

ከእነዚህ መካከል ከኋላው የሚሆነውን የሚያይበት መሣሪያ ሳይኖረው የሚጓዘው በአብዛኛው ብስክሌተኛው ነው። አሽከርካሪው በግራና በቀኝ ስፖኪዮ፣ በውስጥም መስታወት አለው። የጋሪ ነጂው ቢያንስ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ብስክሌተኛው ግን እስከ ዛሬ የሚመካው በጆሮው ነው። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ወደ ዳር ይጠጋል፣ ድምፁ ሲያልፍ ይመለሳል። ይህ ልማድ ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ዛሬ ግን በብዙ ምክንያት በቂ አይደለም፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የመንግሥት ፖሊሲ ራሱ ያመጣው ለውጥ ስለሆነ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

እንደሚታወቀው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። ከዚያ አስቀድሞም የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ ተደርገው ነበር። ውሳኔው ከነዳጅ ወጪና ከአየር ብክለት አንጻር ያለው ጥቅም በሌላ ጽሑፍ የሚታይ ነው። ለመንገድ ደህንነት ግን አንድ ያልተለመደ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ድምፅ የሌለው መኪና። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን በገበያ ቦታ ጫጫታ ውስጥ አይለይም። ሌሎች ሀገሮች ይህን ችግር ቀደም ብለው በማየታቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ማዕቀፍ ደንብ ቁጥር 138 ተዘጋጅቷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ደግሞ በአዲስነት በሚመዘገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ ላይ ሰው ሠራሽ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲገጠም አስገድዷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ድምፅ እንኳ የሚፈለገው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባለው ፍጥነት ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የጎማና የነፋስ ድምፅ ይበቃል ተብሎ ይታሰባል። ግምቱ ጸጥ ባለ ጎዳና ላይ ይሠራ ይሆናል። በዓለም ገና መገንጠያ፣ ሦስት ሚኒባስ በአንድ ላይ ክላክስ በሚያደርግበት ሰዓት ግን እንደሚሠራ መገመት ያስቸግራል።

ኤሌክትሪክ መኪና ባይኖርም ጆሮ የሚከዳበት ቦታ አለ። ከእንጦጦ ሰንሰለት ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል የሚወርድ ብስክሌተኛ ያለ ብዙ ድካም 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ፍጥነት በጆሮው የሚያፏጨው ነፋስ ከኋላው ያለውን ሞተር ይሸፍነዋል። በለገዳዲ በኩል ደግሞ መንገዱ ከግድቡ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሰንዳፋ ድረስ በሜዳማ ስፍራ ያልፋል፤ ነፋሱ ከጎን ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መኪኖች ይፈጥናሉ። ነፋሱ ወደ ፊት ሲነፍስ ድምፅ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ኋላ ሲነፍስ መኪናው ከድምፁ እኩል ይደርሳል። በክረምት የሱሉልታ ጉም ሲጨመርበት ዓይንም ጆሮም በአንድ ጊዜ ይደክማሉ። በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት በእነዚህ መንገዶች ላይ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ለመሆኑ ብስክሌተኛው ምን ያህል ጊዜ አለው? አንድ የጭነት መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ብስክሌተኛው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ ልዩነታቸው 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ በሴኮንድ ሲሰላ 12 ሜትር ተኩል። መኪናውን 100 ሜትር ርቀት ላይ ሳለ ዞሮ ያየ ሰው ስምንት ሴኮንድ አለው። በስምንት ሴኮንድ ጉድጓዱን አልፎ ቦታውን መያዝ ወይም ቆሞ ማሳለፍ ይቻላል። 25 ሜትር ሲቀረው በድምፅ የነቃ ሰው ግን ያለው ሁለት ሴኮንድ ነው። ሁለት ሴኮንድ ለመደንገጥ እንጂ ለመወሰን አይበቃም።

ይህን ስጋት የተረዱ አንዳንድ ብስክሌተኞች የራሳቸውን መፍትሔ አበጅተዋል፤ የመንገዱን ግራ ይዘው፣ መኪና ፊት ለፊት እያዩ ይነዳሉ። ሲጠየቁም “ቢያንስ የሚገድለኝን አየዋለሁ” የሚል ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። አመለካከቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። እግረኛ ግራውን ይዞ እንዲጓዝ ለዓመታት ተምረናል፣ ለእግረኛም ትክክል ነው። ብስክሌት ግን ተሽከርካሪ ነው። ከላይ ባለው ስሌት ብስክሌተኛው በተቃራኒ ቢመጣ ፍጥነቶቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም፤ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። በ100 ሜትር ርቀት የተያዩ ሁለቱ ከአምስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይገናኛሉ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከኋላ የመጣ መኪና ማለፊያ ቦታ ከሌለው ፍጥነቱን ቀንሶ ከብስክሌቱ ኋላ ሊከተል ይችላል፤ ከፊት የመጣው ግን ይህ አማራጭ የለውም። ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ዋናው የሚገባ አሽከርካሪም የሚያየው መኪና የሚመጣበትን የግራውን አቅጣጫ ነው፤ ከቀኙ ብስክሌት ይመጣብኛል ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ የመንገዱን ቀኝ መያዝ ትክክለኛው ነው፣ የሚቀረው ጥያቄ ጀርባን እንዴት ማየት ይቻላል የሚለው ነው።

መልሱ በመጀመሪያ ደረጃ አንገት ነው። በግራ ትከሻ ላይ ዞሮ ማየት ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ያልተለማመደ ሰው አንገቱን ሲያዞር እጁም አብሮ ይዞርና ብስክሌቱ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መኪናው መስመር ይገባል። ይህን ለማስቀረት ልምምዱን በአስፋልት ላይ ሳይሆን በሜዳ ወይም ቅዳሜና እሁድ ጠዋት መኪና በማይበዛበት የውስጥ መንገድ መጀመር ይሻላል። መሬት ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ ጎማውን ከመስመሩ ሳያስለቅቁ አገጭን ወደ ትከሻ ማስጠጋት፣ ከኋላ የቆመ ጓደኛ ያነሳውን የጣት ብዛት ማንበብ። ክንድን አለማድረቅ ዋናው ነገር ነው። አንዳንዶች ግራ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉ ይቀላቸዋል። ከአንድ ሴኮንድ በላይ መቆየት አያስፈልግም፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ አራት ሜትር ይሄዳልና ከመዞር በፊት ያ አራት ሜትር ጉድጓድ እንደሌለበት አስቀድሞ ማየት ግድ ነው።

መቼ መዞር እንዳለበት ማወቅ ከአዟዟሩ ይከብዳል። በየደቂቃው በዘፈቀደ ከማየት ይልቅ መስመር ሊያስለቅቅ የሚችል ነገር ፊት ለፊት በታየ ቁጥር ማየት ይጠቅማል። የቆመ ባጃጅ፣ የተከፈተ የመኪና በር፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ጋሪ፣ የተፈነቀለ አስፋልት፣ ከብት፣ ጠባብ ድልድይ። ብስክሌተኛው ጉድጓዱ አጠገብ ደርሶ ከሆነ የሚዞረው ዘግይቷል። 30 ሜትር ሲቀረው ካየ ግን ቦታ ካለ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይወጣል፣ ከሌለ ፍጥነቱን ቀንሶ ያሳልፋል። ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪም የዞረውን ፊት ያያል፤ ፊት ማየት ደግሞ ከእጅ ምልክት ያላነሰ መልእክት አለው። ወደ ግራ ለመታጠፍ ሲፈለግ፣ ዞሮ ሲታይ መኪናው ካልተቋረጠ፣ መጠበቅ አያሳፍርም። ቀኙን ይዞ መቆም፣ ከብስክሌት መውረድ፣ በዜብራ እንደ እግረኛ መሻገር ይቻላል።

ሚኒባስ ታክሲ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ከኋላ መጥቶ ብስክሌተኛውን ያልፍና ወዲያው ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቆማል፤ በዙሪያ ከተሞች መንገዶች ላይ ብስክሌተኞችን ፍሬን የሚያስይዝ የዘወትር አጋጣሚ ይህ ነው። ደግነቱ ሚኒባስ ከመቆሙ በፊት ያሳውቃል። ከውስጥ “ወራጅ አለ!” ሲባል፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን ሲያወጣ ወይም በሩን ሲከፍት፣ መንገድ ዳር እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ሲታይ፣ ፍሬቻ በራም አልበራም መኪናው ወደ ቀኝ ሊገባ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ አሁንም ጥሩ አገልጋይ ነው። ከኋላ “መገናኛ፣ መገናኛ” የሚል ጥሪ እየቀረበ ሲመጣ የሰማ ብስክሌተኛ ፍጥነቱን ቀንሶ ታክሲው ከፊቱ እንዲቆም ቢተወው ይሻላል እንጂ በሚጠበው ክፍተት በቀኙ ሾልኮ ለማለፍ መሞከር የለበትም። በዚያ በኩል ተሳፋሪ ይወርዳል።

ባለ ተሳቢ መኪና ሲያልፍ የሚፈጠረው አደጋ ከዚህ ይለያል። በጠመዝማዛ ላይ ተሳቢው የፊተኛውን መኪና ዱካ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይጠጋል። ፊተኛው አካል በበቂ ርቀት ስላለፈ ብቻ ተሳቢውም ያልፋል ማለት አይደለም። በሜዳማው የለገዳዲ መንገድ ደግሞ የጎን ነፋስ ካለ መኪናው ሲያልፍ ነፋሱን ለቅጽበት ይጋርደዋል፣ ካለፈ በኋላ ነፋሱ በድንገት ይመለሳል። ብስክሌቱ መጀመሪያ ወደ አንድ በኩል ይሳባል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይገፋል። መሪውን በሁለት እጅ ይዞ፣ ሳይግደረደሩ ፍጥነት ቀንሶ መጠበቅ ይበቃል። ካለፈ በኋላም ወዲያው ወደ ግራ አለመመለስ። ግዙፉ መኪና ከኋላው ሌላ ደብቆ ሊመጣ ይችላልና እንደገና ዞሮ ሳያዩ መስመር መለወጥ የለም።

በመሪው ግራ ጫፍ የሚገጠም ትንሽ መስታወት ለዚህ ሁሉ ጥሩ አጋዥ ነው። በቀኝ በኩል በሚነዳባት ሀገራችን መኪና የሚያልፈው በግራ ስለሆነ ስፖኪዮውም በግራ ይሁን። ሁለት ጉድለት አለበት። ጎበጥ ያለ መስታወት ሰፊ ቦታ ቢያሳይም መኪናውን ከእውነተኛ ርቀቱ አርቆ ያሳያል፤ በኮብልስቶን ላይ ደግሞ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ አይለይም። ስለዚህ መስታወት “ከኋላ አንድ ነገር አለ” ብሎ ይነግራል፣ “ግባ” ግን አይልም፤ ያንን ፈቃድ የሚሰጠው አንገት ብቻ ነው። በሌላው ዓለም ከኋላ እስከ 140 ሜትር ድረስ የሚቀርብ መኪናን በራዳር ለይተው የሚያሳውቁ የብስክሌት መብራቶች አሉ። ዋጋቸውን ስናየው ለብዙዎቻችን ከብስክሌቱ ሊበልጥ የሚችል ነው። ትንሿ መስታወትና ማታ የሚበራ ቀይ የኋላ መብራት ግን የብዙ ሰው አቅም ይችላቸዋል።

በሱሉልታና በሰንዳፋ አካባቢ በማለዳ በቡድን የሚሮጡ አትሌቶቻችንን ያየ ሰው የአሠልጣኙ መኪና አንዳንዴ ከኋላቸው ሲከተል ይመለከታል። ያ መኪና የቡድኑ የኋላ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ገብረማርያም የተሰለፈባቸውን ዓይነት ውድድሮች የተከታተለም፣ መንገድ ተዘግቶላቸው፣ የቡድን መኪና ተከትሏቸው፣ በጆሯቸው ሬድዮ ይዘው እንኳ ብስክሌተኞቹ በየጊዜው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ያያል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሸክሙን በብስክሌተኛው ላይ የሚጭን እንዳይመስል መታረም ያለበት ነጥብ አለ። ከኋላ የሚመጣው የሚቀድመው ነው፤ በደህና የማለፍ ግዴታም የሚቀድመው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ይሞታሉ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ሳይክል ተጠቃሚዎች ናቸው። ብሪታንያ ከጥር 2022 ጀምሮ በዝቅተኛ ፍጥነት ብስክሌተኛን የሚቀድም መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በመንገድ ሕግ መመሪያዋ አስፍራለች። ጀርመን ከ2020 ጀምሮ በከተማ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር እንዲሆን ደንግጋለች። በቁጥር የተቀመጠ ርቀት ለአሽከርካሪም ለትራፊክ ፖሊስም ሥራን ያቀላል፤ በእኛም ሀገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው ብለን እናምናለን። እስከዚያው ለአሽከርካሪዎች አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ፦ ክላክስን በብስክሌተኛው ትከሻ ላይ ደርሶ መንፋት ሰውን ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ወደ ድምፁ ይዞራል፣ ብስክሌቱም ከላይ እንደተገለጸው ወደ ዞረበት ይሄዳል። ክላክስ ካስፈለገ ከሩቅ፣ አጠር ብሎ ይሁን።

መንገዱ ራሱስ? ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚተገበር የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው “መንገድ ለሰው” መርሐ ግብርም ብዙ ሰው ብስክሌትን እንዲሞክር አድርጓል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ራሱን የቻለ የብስክሌት መስመር በመሃል ከተማ ማየት ጀምረናል። የብስክሌት መስመር ባለበት ስፍራ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግማሹ ይቃለላል። ይሁን እንጂ ብስክሌት ለመዝናኛ ሳይሆን ለእንጀራ የሚነዳው በዙሪያው ከተሞች ነው፣ በዙሪያው ከተሞች መውጫ መንገዶች ላይ ደግሞ በአመዛኙ ያለው የብስክሌት መስመር ሳይሆን የመንገድ ትከሻ ነው፤ እሱም በየመሃሉ በአሸዋ ክምር፣ በቆመ መኪናና በጉልት ይያዛል። ከተሞቹ በሸገር ከተማ ሥር ከተደራጁ ወዲህ መንገዶቹን ከአዲስ አበባ ጋር አገናዝቦ ማየት የሚቻልበት ዕድል ሰፍቷል። የትከሻ ማጽዳትና የቀለም መስመር ማስመር ከግንባታ ያነሰ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ከሌላው ቀድሞ ቢጀመር መልካም ነው።

አደጋ ከደረሰ መብትዎን ማወቅ ያስፈልጋል። ከኋላ የሚገጭ ሰው ብዙ ጊዜ የገጨውን ሳያይ ይወድቃል፣ ገጪውም ሊያመልጥ ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህን ሁኔታ አስቀድሞ አስቧል። ተሽከርካሪው መድን ካለው ካሣው ከመድን ድርጅቱ ይጠየቃል። መድን ከሌለው ወይም ማንነቱ ሳይታወቅ ካመለጠ ደግሞ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ለዚሁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ይጠየቃል። የጤና ተቋማትም የተጎዳውን ሰው ገንዘብ ይዟል አልያዘም ሳይሉ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ አዋጁ ያስገድዳል። ብዙ ተጎጂዎች ይህን ባለማወቅ “ገጪው ካልተያዘ ምን ይደረጋል” ብለው ጥያቄ ሳያቀርቡ ይቀራሉ።

ለማንኛውም የካሣ ጥያቄ መሠረቱ የፖሊስ ማስረጃ ነው። አደጋውን የሚያጣራው አደጋው የደረሰበት ቦታ ፖሊስ ነው፤ በአስኮና በቡራዩ መካከል የጥቂት መቶ ሜትሮች ልዩነት የአዲስ አበባ ፖሊስን ጉዳይ ከኦሮሚያ ፖሊስ ጉዳይ ስለሚለየው ትክክለኛውን ቦታ፣ በአቅራቢያው የሚገኝ ድርጅት ወይም ሱቅ ጠቅሶ ማስመዝገብ ይጠቅማል። አምቡላንስ በቀይ መስቀል ነፃ የስልክ መስመር 907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። የሰሌዳ ቁጥሩን ሙሉ ባያዩት እንኳ ያዩትን ቁጥር፣ የመኪናውን ዓይነትና ቀለም፣ ጭኖት የነበረውን ነገር ወዲያው ለአንድ ሰው ይንገሩ፣ ያ ሰውም ስሙንና ስልኩን ይስጥዎ። የተጎዳው ብስክሌትና በዕለቱ የተለበሰው ልብስ የመኪና ቀለም ይዘው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ፖሊስ አይቶ እስኪመዘግባቸው ድረስ ብስክሌቱን አያስጠግኑ፣ ልብሱንም አያሳጥቡ።